የዝላትካ ድልህ

ዝላትካን ስድስት ዓመት ሙሉ ያንገበገባት አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። «አመልካቿ የክረምት ስንቋን በራሷ እጅ ታዘጋጃለች» ይላል። የጻፈው የሕክምና ቦርዱ ነው። ወረቀቱን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአንሶላ ሥር አስቀምጣዋለች፤ ንዴቷ የበረደባት ሲመስላት እያወጣች ታነበዋለች።

ይበልጥ የሚያበሽቃት ደግሞ ጥፋቱ የራሷ መሆኑ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠርታ፣ ቁርጥማት ጣቶቿን እንደ ወይን ግንድ ጠማዘዛቸው። የአካል ጉዳት ድጎማ ልትጠይቅ ቦርድ ፊት የቀረበች ዕለት ግን ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ለብሳ ነበር። በእኛ በቡልጋሪያ ገጠር ሐኪም ዘንድ የሚኬደው ተበጥሮ፣ ተተኩሶ ነው፤ ባዶ እጅም አይኬድም። ታናሽ እህቷ ኔቬና ፀጉሯን ጠቀለለችላት፣ የሸሚዟን ቁልፎች ቆለፈችላት፣ አንድ ትልቅ ጠርሙስ የቀይ ቃሪያ ድልህ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችላት። ጠርሙሱ ላይ «የዝላትካ ድልህ» ተብሎ በትልልቁ ተጽፏል።

የቦርዱ ሐኪም ዶክተር ሚንኮቫ «እንዴት ነዎት?» ስትላት «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» አለች።

«ይሄን እርስዎ ነዎት የሠሩት?» ስትላት ደግሞ ደረቷን ነፍታ «ታዲያ ማን ሊሠራልኝ!» አለች።

በቃ። የገዛ ጠርሙሷ መሰከረባት።

ልክ ነው፣ ድልሁ የሚሠራው እሷ ደጅ ላይ ነው። ግን ቃሪያውን የሚጠብሰውና የሚያማስለው ጎረቤቷ ታንቾ ነው፤ የመንደሩ ሴቶች ይልጡታል፣ ኔቬና ትከድነዋለች። ዝላትካ ወንበር ላይ ተቀምጣ «አሳረራችሁት!» እያለች ትጮሃለች።

ዘንድሮ በበጋው ለኔቬና ከጣሊያን ተደወለላት። አሮጊት እናታቸውን የሚጦርላቸው ሰው የሚፈልጉ ቤተሰቦች ናቸው፤ ጥሩ ይከፍላሉ። ኔቬና ደግሞ በየማለዳው እየመጣች እህቷን የምታለብሰው፣ ዳቦ የምትቆርስላት በነፃ ነው። ቦርዱ «ረዳት ያስፈልጋታል» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ለዚሁ ሥራ መንግሥት ይከፍላት ነበር።

«እሺ አልሻቸው?» አለች ዝላትካ።

«እስከ ጥቅምት ጠብቁኝ ብያለሁ።»

«እንግዲያው እንደገና አመለክታለሁ።»

«አንቺ? አንቺ እኮ አንገትሽን ሊቆርጡሽ ቢመጡ ‹መጀመሪያ ሻሼን አስተካክሉልኝ› ነው የምትዪው!»

ዝላትካ ግን ግትር ናት። ትልቅ ክላሰር ገዛች። የእጆቿን ራጅ ተነሣች፣ ደም ሰጠች፣ የአጥንት ሐኪሙን ደጅ ጠንታ ደብዳቤ አጻፈች። ኔቬና ደግሞ የእያንዳንዱን ቀን ውሎ በደብተር መጻፍ ጀመረች። «ሰኞ፦ ሁለት ቁልፍ ቆለፈች፣ ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። ማክሰኞ፦ ማንቆርቆሪያ ከእጇ ወደቀ፣ ድመቷን ሰደበች።»

«የድመቷን ምን አስጻፈሽ?»

«እውነት አይደለም?»

የቀረው የጎረቤት ምስክርነት ነው። እሱ ከራጁም ከመርፌውም ከበዳት። የቃሪያ ጠበሳው ዕለት ሁሉም ደጇ ተሰብስቦ እጁ እስከ ክርኑ ቀልቶ ሳለ፣ መሬት መሬት እያየች «ስለ እጄ ያያችሁትን ጻፉልኝ» አለች።

ታንቾ ማማሰያውን ድስቱ ላይ አጋደመ።

«ያየነውን ሁሉ?»

«ሁሉን።»

«ስለ አፍሽም?»

ሳቁ መንደሩን ሞላው። ታንቾ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሲጽፍም መሪ እንደያዘ ሰው ነው። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እኔ ታንቾ፣ ከስድስት ዓመት ወዲህ ዝላትካ ማማሰያ ስትጨብጥ አላየሁም። ቃሪያ ስትልጥ አላየሁም። ክዳን ስትከድን አላየሁም። ዝም ስትልም አላየሁም።» ከሥሩ አሥራ አንድ ሰው ፈረመበት፤ አንዳንዱ ፊርማ የድልህ ጠብታ አለበት።

የቀጠሮው ዕለት ኔቬና ማበጠሪያ ይዛ መጣች።

«ዛሬ አትንኪኝ» አለቻት ዝላትካ።

ለብቻዋ ለበሰች። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባት። የሸሚዟ ቁልፎች ተዛንፈው አንዱ ጫፍ ከሌላው ዝቅ ብሎ ተንጠለጠለ፣ ፀጉሯም በአንድ ወገን እንደ ተኛችበት ቀረ። አውቶቡስ ላይ አንዲት የፋብሪካ ባልደረባዋ አይታት ደነገጠች።

«ዝላትካ! ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ኩራቴ። ልቀብረው እየሄድኩ ነው።»

ቦርዱ ላይ ሦስት ሐኪሞች ተቀምጠዋል። መሃል የተቀመጠችው ያችው ዶክተር ሚንኮቫ ናት፤ ሽበት ጨምራለች። ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየች፣ ደብተሩን አገላበጠች። የታንቾ ገጽ ላይ ስትደርስ ከንፈሯን ነክሳ ለጎኗ ሐኪም አሳለፈችለት፤ እሱ ሳል መጣበት። ይሄኔ ዝላትካ የአምና ድልህ ጠርሙስ በሁለት መዳፏ አቅፋ ከዘንቢሏ አወጣች።

«ስጦታ አንቀበልም» አለች ዶክተሯ።

«ስጦታ አይደለም፣ ማስረጃ ነው። አብሮኝ ይመለሳል።»

ዶክተሯ የተጻፈበትን አነበበች። «እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

ያው ጥያቄ! «ታዲያ ማን ሊሠራልኝ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«አልሠራሁም» አለች። «ስድስት ዓመቴ፣ አንድም ጠርሙስ አልሠራሁም። ይልጡልኛል፣ ያማስሉልኛል፣ እህቴ ትከድንልኛለች። በራሴ እጅ የሠራሁት ዛሬ የቆለፍኩትን ይሄን ሸሚዝ ነው። እዩት።»

ሦስቱም ሸሚዙን አዩ።

«እስቲ ክዳኑን ይክፈቱልኝ።»

«ብችል እዚህ ምን አመጣኝ! ኔቬና ደጅ ናት፣ ትጠራ።»

ሳል የመጣበት ሐኪም አሁን ሳቁን ለቀቀው።

ወረቀቱ በጥቅምት አጋማሽ ደረሰ። «በየቀኑ የሌላ ሰው እርዳታ ያስፈልጋታል» ይላል። ዝላትካ ደጇ ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው፣ ታንቾ አረቄ ይዞ እስኪመጣ። ኔቬና ለጣሊያን ሰዎች ስልክ ደውላ ሌላ ሰው ፈልጉ አለቻቸው። ለመንገድ የገዛችውን ሻንጣ አምጥታም የዘንድሮውን ድልህ ወደ ምድር ቤት አጓጓዘችበት።

ጠርሙሶቹ ገና አልተጻፈባቸውም ነበር። ዝላትካ ታንቾን ብዕር አስያዘችው።

«‹የዝላትካ ድልህ› ልበል?»

«ኧረ በጭራሽ! እኔ የምልህን ጻፍ።»

እሷ እየተናገረች እሱ ጻፈ፦ «ጠባሽና አማሳይ፦ ታንቾ። ላጮች፦ የመንደሩ ሴቶች። ክዳን፦ ኔቬና። ጩኸት፦ ዝላትካ።»

አርባ ሁለት ጠርሙስ ነው። አንዱንም ሳታስቀር አስጻፈችው።