የወፍጮ ቤት ንስሐ

አባ ክንፈሚካኤልን ያልለመንኳቸው ልመና የለም። «አባ፣ ሠላሳ ጊዜ አባታችን ሆይ ልድገም። ካነሰም ዓርብ ዓርብ ውኃ ሳልቀምስ ልዋል» አልኳቸው። ከባሕር ዳር በሁለት ወር አንዴ ፍኖተ ሰላም እየመጡ፣ እፍኝ የማንሞላውን ካቶሊኮች በአንድ ክፍል ቤት የሚያስቀድሱን ቄስ ናቸው። ዝንብ እንኳ አይገድሉም። የዚያን እሁድ ግን ጨከኑብኝ።

«እግዚአብሔርስ ይቅር ብሎሻል፣ በለጠች። ጸሎቱን እኔም አግዝሻለሁ» አሉኝ። «አንቺ ግን ያወራሽበት ቦታ ሄደሽ፣ የሰሙት ሁሉ እየሰሙ ትመልሺዋለሽ።»

ያወራሁበት ቦታ ወፍጮ ቤት ነው። ቡሬ ዙሪያ ባለችው ቀበሌያችን፣ ረቡዕ ረቡዕ ሴቱ ሁሉ እህሉን ይዞ የሚሰለፍበት። ወይ ጉዴ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር ላይ ባለቤቴ ደሞዝ በርበሬ ሊሸጥ ርቆ ሄዶ ነበር። እኔም የአክስቴ ልጅ ሠርግ ሄጄ፣ «ማታ እመለሳለሁ» ያልኩት ሁለት ቀን ሆነ። የፈረንጅ ላማችን ሁለት ቀን ሳትታለብ ከርማ ጡቷ አብጦ ጠበቀኝ፤ ኋላም ግማሹ ደረቀ። ደሞዝ መጥቶ «ይህች ላም ምን ነካት?» ሲለኝ ፈራሁ። አፌ ላይ የመጣልኝ የጎረቤቴ የሀብትነሽ ስም ነው። በዚያ ሰሞን በአጥሩ ላይ አይታት «ኧረ እንዴት ያለች ላም ናት!» ብላ ነበር። «ሀብትነሽ አይታት ነው» አልኩት። እዚያው ላይ ብተወው ምን ነበረበት? ረቡዕ ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ለሴቶቹ ደገምኩት። «ዓይኗ አያድርስ!» አልኩ፣ በዚህ አፌ።

እኛ አገር ሰውን ቡዳ ነው ማለት ከነዘሩ መቅበር ነው። ሀብትነሽ ሰላም የሚላት አጣች። ወፍጮ ቤትም ሰው ዱቄቱን እየሸፈነ ሲሸሻት ከሁሉ መጨረሻ ማስፈጨት ጀመረች። የልጇ የያምሮት ግን ባሰ። ያጯት ሰዎች «ዘሩን ሳናጣራ ገብተን» ብለው፣ የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን ሊያፈርሱ ቆረጡ። ያቺ እኔ አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ!

ሰኞ እህል አልወርድ አለኝ። ማክሰኞ ደሞዝ «አሞሻል እንዴ?» አለኝ፤ ልነግረው አፌን ከፍቼ «ወገቤን ነው» አልኩት። ደግሞ ሌላ ውሸት! ብናገር የእሱ ቁጣ፣ የአገሩ ምላስ አለብኝ፤ «ድሮስ ካቶሊኳ» ማለታቸውም አይቀር። ብተወው ደግሞ ቅዳሜ ይደርሳል።

ረቡዕ ከወንዝ ዳር ድንጋይ መረጥኩ። ቀላል አልመረጥኩም፣ እግዜር ያያል። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል፤ የተበደለው ይቅር ካለ ያወርድለታል፤ ወጋችን ነው። አንገቴ ላይ ጭኜው ሄድኩ። ሀብትነሽ ከበሩ ውጪ ብቻዋን ቆማለች። ከሰልፉ ፊት ደግሞ ማንን ባይ ጥሩ ነው? የያምሮትን እጮኛ እናት፣ እትዬ ባንቺአየሁን!

«በድያለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ወፍጮው ይንጫጫል፤ ማን ይስማኝ! ደግሜ ጮኽኩ። እንዲያው ተመለሺ፣ ተመለሺ አለኝ። ተናግሬያለሁ እኮ፤ አልሰሙም እንጂ። ግን አባ «እየሰሙ» ብለዋል። ወደ ባለወፍጮው ወደ ስመኘው ሄድኩና «አጥፋው!» አልኩት።

«አብደሻል? ይህን ሁሉ ወረፋ—»

«አጥፋው አልኩህ!»

አጠፋው። ዝምታው ከጩኸቱ ባሰብኝ።

«ሀብትነሽ ላሜን አልበላቻትም» አልኩ። «ሳላልባት ሁለት ቀን ሠርግ ቤት ስጨፍር ነው የታመመችው። ባሌን ፈርቼ ዋሸሁ። ቡዳ ከተባለ የእኔ ምላስ ነው።»

እትዬ ባንቺአየሁ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እኔ መጡ። የሚመቱኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልፈውኝ ሄደው ሀብትነሽ ፊት ቆሙ።

«ቅዳሜ ሽማግሌ እንልካለን» አሏት። «ቃል ለማፍረስ አይደለም፤ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ነው።»

ሀብትነሽ አላለቀሰችም። ድንጋዬንም አላወረደችልኝም። እህሏን እዚያው ትታ መንገድ ጀመረች። ተከተልኳት፤ ምን ላድርግ? አንገቴ ሊቀነጠስ ደረሰ። እስከ ቤቴ ደጅ ወደ ኋላ ሳታይ መራችኝ። ደሞዝ በር ላይ ቆሞ ድንጋዩን አይቶ ደነገጠ። ለእሱም ነገርኩት፣ ከነጭፈራው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ቤት ገባ።

ላሟ አጥሩ ሥር ተኝታ ታመነዥጋለች። ሀብትነሽ እዚያ ስትደርስ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበችና ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። ለካ ይህን ሁሉ ወር በሰው ከብት አጠገብ የምታልፈው እንዲህ ኖሯል!

«ሀብትነሽ» አልኩ፣ እንባዬ አፌ እየገባ፤ «አፈር ስሆን፣ ላሜን እያት።»

ነጠላዋን ቀስ ብላ ገለጠች። አየቻት። ብዙ ቆማ አየቻት። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ ድንጋዩን ከአንገቴ አወረደችና አጥሩ ሥር አስቀመጠችው።

«ከስታለች» አለችኝ። «ምን እያበላሻት ነው?»