የቅርንፉድ ጠብታ

«የልጅሽን አፍ ክፈቺ» አለ ኮምቦ፣ ሴቶቹ የተቀመጡበት በረንዳ ድረስ ገብቶ፣ የቅርንፉድ ዘይቱን ጠርሙስ ከፍ አድርጎ እያሳየ። «ሁለት ጠብታ ብቻ። ወንድሜ፣ አላህ ይማረውና፣ ስንቱን አድኖበታል!»

ለቀስተኞቹ «አሚን» አሉ። የሟች ልጅ ሪዚኪ ከጥግ ሆና ታያቸዋለች፤ ምን ቢባሉ አሚን ነው። አባቷ ፋኪ ከተቀበረ ወዲህ ይህ አጎቷ እንባ አልወጣውም። ሩዙን ጠግቦ ይበላል፣ ወንድሙ የፔምባን ደሴት ሰው ሁሉ እንደፈወሰ ያወራል፣ ከዚያ ጠርሙስ ያወጣል። ዘይቱ ሲነጠር እሳቱ አጠገብ ላብ ጠብ ብሎት የማያውቅ ሰው ዛሬ ሐኪም ሆኗል!

አባቷንም ቢሆን ስትንቀው ኖራለች። ዳሬሰላም ላቦራቶሪ ውስጥ ዘይቱን መርምራ የመጣች ዕለት ማንጠሪያው አጠገብ ቆማ ነግራው ነበር።

«አባዬ፣ አብዛኛው ዩጂኖል የሚባል ነገር ነው። የመመርመሪያ ሳህን ላይ ያለውን ጀርም ድምጥማጡን ያጠፋል፣ ጥርስ ያደነዝዛል። ግን ሕፃን ከዋጠው ጉበቱን ይጨርሰዋል።»

ፋኪ እንጨቱን ወደ እሳቱ እየገፋ «አያቴ በሳህን አልመረመረችም» ብሎ ሳቀ። ግትር ደንቆሮ ብላ በሆዷ ሰድባው ሄደች።

አሁን ጎረቤታቸው ሂዳያ በትኩሳት የሚነደውን ሕፃን ልጇን አገጩን ያዘች።

«ተው!» ሪዚኪ ተነሣች።

«ማንን ነው ተው የምትዪው?» አለ ኮምቦ። «አጎትሽን አንቱ አትዪም?»

«አንተን ነው። ጠርሙሱን አስቀምጥ።»

«ኧረ በለቅሶ ቤት!» አለች አንዲት አሮጊት።

ኮምቦ ወደ ሴቶቹ ዞሮ ሳቀ። «ሰማችሁ? የአባቷን መድኃኒት መርዝ ልትለው ነው የመጣችው!»

«እሱስ ከልክሎኝ ነበር» አለች ሂዳያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ማን?» አለች ሪዚኪ።

«አባትሽ። አምና ትልቁን ልጄን ይዤ ብመጣ አንዲት ጠብታ አላስነካም አለኝ። ‹ልጄ መርምራ በዓይኗ ያየችው ነገር ነው፣ ሆስፒታል ውሰጂው› ብሎ መኪናው ድረስ ሸኘኝ። ለዚህ እኮ ነው ወደ ኮምቦ የመጣሁት። እሱ አይከለክልም።»

አሁን አሚን የሚል ጠፋ። ኮምቦ የጠርሙሱን ክዳን ማጠባበቅ ያዘ። ሪዚኪ ቀና ብላም አላየችው፤ ሕፃኑን ተቀብላ ወጣች። ሂዳያ አንድ እግሯን ብቻ ተጫምታ ተከተለቻት።

ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መኪና ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሪዚኪ «እንዴት ነበር ያለሽ?» አለቻት።

«ማን?»

«አባዬ። ስለ እኔ።»

ሂዳያ ደገመችላት። ሪዚኪ ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች። ከሻርፑ ሥር፣ «እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አለች።