ከግራ ብብት በታች

…አላመጣም ብዬ መጻፍ ነው እንግዲህ፣ ውሸትም አይደለም፣ እዚህ ፌስታል ውስጥ ያለው ካናቴራ ሰባት ቀን ቀርቶ ሰባት ደቂቃ ማንም ገላ ላይ አላረፈም፣ ከየት አምጥቶ ይሸታል። ጥያቄ ቁጥር አራት፣ ልብሱ በሰባቱ ቀናት ውስጥ ሽታ አምጥቷል ወይ። አላመጣም። ጽሑፌ ራሱ ያሳፍራል፣ ጎበጥ ጎበጥ ብሎ የኮረጀ ተማሪ ጽሑፍ መስሏል። ጥያቄ አምስት፣ ኮስኩሶሻል ወይ። እኔን? እኔንማ እስከ አራተኛው ቀን ድረስ አልኮሰኮሰኝም። ከዚያ ወዲህ ያለውን እማዬን ጠይቋት።

ተረጋጊ። እስክሪብቶውን አትንከሺ።

ሌሎቹ አምስት ሴቶች ሞልተው ጨርሰዋል፣ ፌስታላቸውን ስፌት መኪናቸው ላይ አስቀምጠው ይሳሳቃሉ፣ ምን አለባቸው፣ የሚመልሱት የየራሳቸውን ነው። እዚህ ቤት አዲስ ሞዴል ሲወጣ ደንቡ ይኸው ነው፣ ከስፌት ክፍል ስድስት ሴት ይመረጣል፣ ልብሱን ሰባት ቀን ሳያጥቡ መልበስ ነው፣ ሥራ ላይ፣ አልጋ ውስጥ፣ ቅዳሜ ደግሞ ቦርሳ አዝሎ ከከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ፣ በስምንተኛው ቀን ጠዋት ከነፎርሙ ይመለሳል፣ የጥራት ኃላፊው ያሸተዋል፣ ከዚያ ጨርቅ ቆራጯ አንዱን መርጣ መሃል ለመሃል በመቀስ ትሰነጥቀውና ክሩ እንዴት እንደሰነበተ ይታያል። ኃላፊውን አፍንጫው እንለዋለን፣ እሱ በሌለበት ነው ታዲያ። ግድግዳው ላይ በቀይ የለጠፈውም እሱ ነው፣ አንድ ልብስ ለአንድ ገላ። ለሌላ ሰው ያለበሰች ከናሙና ሥራ ትነሳለች። የናሙና ሰፊዋ ደግሞ እኔ ነኝ፣ እዚህ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ ስድስቱንም ካናቴራ የሰፋሁት በእነዚህ እጆቼ ነው።

ልብሱ ጥሩ ነው፣ ይኼን ማንም አይክደኝም። ሜሪኖ ከሚባል በግ የተሸለተ ሱፍ ነው፣ ስስ፣ ልጅ ሆነን ክንዳችንን ስንፎክት የዋልንበት ዓይነት ሱፍ አይደለም፣ ለሴት ገላ ተብሎ የተቆረጠ፣ እጅጌው ሙሉ፣ ከኋላ ረዘም ያለ፣ ጎንበስ ስትዪ ወገብሽ እንዳይጋለጥ፣ ተራራ ለምትወጣዋም ቢሮ ለምትውለዋም ከስር የሚለበስ። ሲበርድሽ ያሞቅሻል፣ ሲሞቅሽ አያፍንሽም፣ ሳምንት ብትለብሽው አይሸትም ይላል ወረቀቱ፣ ቆራጯ ይህን ስታነብ እንዲህ ያለ ወንድ ቢገኝ ሁለቴ ሳላስብ ነበር የማገባው ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። ስፌቱም ጠፍጣፋ ነው፣ እንዳይቆረቁር። ነው ተብሎ ነበር።

ቅዳሜ፣ በሁለተኛው ቀን፣ ኮረብታው ግርጌ ዝናብ ያዘን፣ ሻይ ቤት ገብተን ዋልን፣ ፎርሙ ላይ ግን ስድስታችንም አራት ሰዓት ተጉዘናል። እኔ ብቻ አይደለሁም የምዋሸው። ይኼ ግን አያጽናናም፣ ሞክሬዋለሁ።

አራተኛው ቀን ሰኞ ነበር። ከሥራ ስገባ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ ቀን ቀን እማዬን የምትጠብቅልኝ፣ በሩ ላይ ቆማ ዛሬም አልሞቃት ብሏል አለችኝ፣ ሹራብ ሳለብሳት ታወልቃለች፣ ብርድ ልብስ ስጨምር ትወረውራለች፣ ቆዳዋ ሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል እኮ ምን አባቴ ላድርግ። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፣ እጇ ደረቷ ላይ፣ ከንፈሯ አመድ። አላሰብኩም፣ ማሰብ ቢኖር ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ ትዝ ይለኝ ነበር፣ ካፖርቴን፣ ሸሚዜን፣ ከዚያ ካናቴራውን ከነሙቀቴ አውልቄ አለበስኳት። ጥርሷ ዝም አለ። እጅጌውን በመዳፏ ዳበሰችው። ይሄ ለማን ነው? ላንቺ ነው እማዬ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት። እርስዎ። መጀመሪያ ታናሽ እህቷ ነበርኩ፣ ቀጥሎ ነርሷ፣ አሁን ዝም ብዬ አንዲት ደግ ሴትዮ ሆኛለሁ፣ በገዛ ቤቴ። ለራሴ ለምጄዋለሁ እላለሁ፣ አለመድኩትም፣ ሰው እንዴት አድርጎ ይለምደዋል።

ለነገሩ ሽታ የለውም ያልኩት፣ ጥያቄ አራት፣ ማክሰኞ ጠዋት አንገቷ ስር ገብቼ አሽትቼዋለሁ፣ እሷንም አይሸትም እኔንም አይሸትም፣ ሱፍ ሱፍ ብቻ ይላል፣ ትንሽ።

ማክሰኞ ጠዋት ፊቷን ሳጥባት ነው የሆነው። ግራ እጇን ከፍ አድርጌ ይዤላታለሁ፣ የቀኝ ጣቷ ዝም ብላ ከወገቧ ተነስታ የጎኑን ስፌት ይዛ ሄደች፣ ወደ ላይ፣ ቀስ እያለች፣ ብብቷ ጋ ስትደርስ ቆመች። ተመለሰች። እንደገና ሄደች፣ እንደገና እዚያው ቆመች። ይህቺ ልጅ ዛሬም ትጎትታለች አለች። የትኛዋ ልጅ እማዬ? የኔዋ ናታ፣ የልጄን እጅ አጣዋለሁ እንዴ፣ የብብቱ መዞሪያ ጋ ስትደርስ ትፈራና ጨርቁን ትጎትታለች፣ ስንቴ ነግሬያታለሁ፣ አትጎትቺ፣ ጨርቁ ራሱ ይሄዳል፣ ጆሮ ያላት መሰለሽ! ሳቀች። ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀች። ከዚያ ወደ በሩ አየችና የት ሄዳ ነው የማትመጣው አለችኝ። ሥራ ላይ ናት። ጎበዝ ናት? ጎበዝ ናት። እ፣ ጎበዝ ናት፣ ብቻ ትጎትታለች።

ጎድጓዳውን ሳህን ይዤ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ከደስታም ነው ከንዴትም ነው፣ ፊቴን አይታ ያላወቀችኝ ሴት ከስፌቴ አወቀችኝ፣ ያውም ከምበላሽበት ቦታ።

ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፍታለች፣ መኝታ ቤታችን ውስጥ፣ በእግር በሚረገጥ መኪና፣ እኔ ከጠረጴዛው ስር ተቀምጬ የወደቀ መርፌ እለቅማለሁ፣ ከላይ ድምጿ፣ አትጎትቺ፣ መኪናውን ለኔ ስትለቅልኝም አትጎትቺ፣ አንድ ጊዜ የተማሪው እናት በር ላይ ቆማ ልብሱን ስጡኝ እያለች እማዬ ኮሌታው ጠመመብኝ ብላ ሙሉውን ፈታችው። ማን ያየዋል እማዬ። አንገቱ ያየዋል አለችኝ። የልጁ አንገት።

እኔ ግን አላመንኳትም፣ ታማለች፣ ትቀባጥራለች ብዬ። ሥራ ገብቼ ከናሙና መደርደሪያው ላይ ሰባተኛውን፣ ለፎቶ ብዬ ራሴ የሰፋሁትን፣ አወረድኩና ጣቴን ሰደድኩ። አለች። ከግራ ብብት በታች፣ የጣት ጥፍር የምታክል ሞገድ፣ እጅ ሲወርድ ተኝታ እጅ ሲነሳ የምትጎረብጥ። ሻይ ቤት ለዋለች ሴት ምንም አይደለችም። ቀኑን ሙሉ ቦርሳ አዝላ ዳገት ለምትወጣዋ ግን እስከ ማታ ብብቷን ትልጠዋለች። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ሠላሳ ሴት የእኔን ናሙና ፊቷ ሰቅላ፣ የእኔን እጅ እያየች፣ የእኔን ሞገድ ልትሰፋ ነው።

ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። ማን አገኘው ሲባል ማን ልል ነው? እናቴ? ልብሱ እናትሽ ጋ ምን ይሠራል? አምጪው ነው የሚከተለው፣ አምጪው ይሰንጠቅ። ረቡዕ አላወልቅም አለች፣ ሐሙስም፣ ዛሬ ጠዋት እጅጌውን ስይዝ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ጨምድዳ የልጄ ነው ብላ ጮኸችብኝ። በየቀኑ እዚያች ቦታ ላይ ጣቷን ታሳርፋለች፣ በየቀኑ ስለኔ ታወራኛለች፣ ልጅ ሆኜ ያላወራችኝን። ለዚህ ነው ትናንት ስወጣ ሰባተኛው ቦርሳዬ ውስጥ የገባው። የለበስኩት እንዲመስል ጠዋት በእጄ አሸት አሸት አድርጌዋለሁ፣ ሌባ ብሆን ኖሮ ጎበዝ ሌባ አይወጣኝም ነበር።

መጣ። አፍንጫው መጣ፣ ነጭ ጋውኑን ቆልፎ፣ ቆራጯ ከኋላው መቀሷን ይዛ። አንደኛዋን አሸተተ፣ ጥሩ። ሁለተኛዋን፣ ጥሩ፣ ሽቶ ግን አትቀቢ ተብሎ ነበር። ሦስተኛ። አራተኛ። ፌስታሌን ከፈተ፣ ብብቱን ገልብጦ ፊቱን ሙሉ ከተተበት፣ ቆየ፣ ቀና አለ፣ ዓይኑ አብርቷል። ኑ እስቲ እዩ! ሰባት ቀን! አዲስ እኮ ነው የሚመስለው፣ ምንም፣ ምንም የለውም፣ እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ሱፍ አላየሁም፣ ይህን ነው ለደንበኞቹ የማሳየው። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ቆራጯ ልብሱን ተቀበለችው፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ቁጥር አየች፣ ሰባት፣ እኔን አየች፣ አውራ ጣቷን ቁጥሯ ላይ ጫን አደረገች። የኔ እህት።

አለቀ ማለት ነው። ተረፍኩ ማለት ነው። ጥያቄ ዘጠኝ ብቻ ቀርቷል፣ ሌላ አስተያየት ካለ። ባዶ መስመር ሦስት። ባዶውን ልተወው፣ ሁሉም ባዶውን ነው የተዉት፣ እማዬ ልብሷን ለብሳ ትቀመጣለች፣ እኔ ናሙናዬን እሰፋለሁ፣ ማን ያየዋል። ማን ያየዋል። ወይ ጉድ፣ ይህን አፍ ከየት አመጣሁት፣ ይኸው ኮሌታ ፈቺዋ ከጠረጴዛው በላይ ሆና ታየኛለች፣ የልጇን ፊት የረሳች ሴት ስፌት ግን አልረሳችም፣ እኔ ሁሉም ትዝ እያለኝ ልርሳው?

አለቃ፣ ይቅርታ፣ ያ የለበስኩት አይደለም።

ዞረ። ምኑ? ልብሱ፣ ማንም አልለበሰውም፣ ለዚያ ነው የማይሸተው። የኔ ካናቴራ እናቴ ጋ ነው፣ በርዷት አለበስኳት፣ ደንቡን አውቃለሁ። እና ስፌቱ ጥፋት አለበት፣ ከግራ ብብት በታች፣ እጅዎን ይስጡኝ፣ እዚህ ጋ። ጣቱን ይዤ በስፌቱ ላይ ወሰድኩት፣ አፍንጫ እንጂ ጣት የለውም መቼም፣ ሁለት ጊዜ አለፋት፣ በሦስተኛው ቆመ። ፊቱ ቀላ። ማን አገኘው? እናቴ። እናትሽ ምንድን ናት? ልብስ ሰፊ ናት። ናት ነው ያልኩት፣ አልተሳሳትኩም።

አፍንጫው የሞካሪዎች ዝርዝር ላይ ስሜን ሰረዘ፣ ሲሰርዝ ወረቀቱ ተቀደደ። ይህን ብብት ያለ እንከን ሰፍተሽ እስክታሳዪኝ ናሙና አትነኪም፣ የሰኞው ሥራ ይቆማል፣ እናትሽ ጋ ያለው ደግሞ ነገ ጠዋት እዚህ መጥቶ ይሰን… ቸርርር። ቆራጯ ናት። ቁጥር ሰባትን ከአንገቱ እስከ ጫፉ ለሁለት አድርጋዋለች። ውይ፣ የሚቆረጠው አንድ ነው ሲባል ይሄ መስሎኝ፣ ተቆረጠ እንግዲህ አለች፣ መልአክ የመሰለ ፊቷን ይዛ። አፍንጫው እሷን አየ፣ መቀሱን አየ፣ እኔን አየ። አንድ ነው ደንቡ አለ በመጨረሻ፣ አንድ ነው፣ ሂዱ ወደ ሥራችሁ።

ስለዚህ ተቀምጫለሁ። ፊቴ የተቆረጠ ሱፍ፣ ጎንና እጅጌ፣ እግሬ ፔዳሉ ላይ። ጀመርኩ። ቀጥታው ቀላል ነው፣ ከወገብ ወደ ላይ፣ ቀጥታው ላይ ማንም ጎበዝ ነው። መዞሪያው መጣ፣ ግራ እጄ ልትይዝ ተነሳች፣ አርባ ዓመት የተነሳች እጅ፣ አትጎትቺ። ለቀቅኳት። ጨርቁ ራሱ ሄደ። ዞረ፣ ዝም ብሎ ዞሮ ወጣ፣ እማዬ፣ እውነትሽን ነበር እኮ፣ ራሱ ይሄዳል።

ጣቴን ሰደድኩ። የለችም። ለስላሳ፣ ከታች እስከ ላይ፣ የማንም ያልሆነ ስፌት። ደስ ይላል፣ የሆነች ሴት ይህን ለብሳ ዳገት ትወጣለች፣ ብብቷ መኖሩንም አታስታውስም። ይህን ግን እማዬ ብትዳብሰው ማንንም አታገኝበትም፣ ይህ ያስፈራኛል። ያኛው ልብስ ዕድሜ ልክ አይቆይም፣ አንድ ቀን ክርኑ ላይ ይሳሳል፣ ሌላ መስፋት ይኖርብኛል። እሰፋላታለሁ። ከዚሁ ሱፍ፣ በዚሁ መኪና፣ እጅጌው ረዘም፣ አንገቱ ለስለስ፣ ከግራ ብብት በታች መዞሪያው ጋ ስደርስ ግን፣ አውቄ፣ እጎትታለሁ።