ፍጻሜውን ንገሪኝ

ሲጋር የሚጠቀልል ሰው እጁ እንጂ ጆሮው ሥራ የለውም። በፒናር ዴል ሪዮ ከተማ የሲጋር ፋብሪካ ያንን ሥራ ፈት ጆሮ የሚሞላው አንባቢው ነው። ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት በኋላ ልብ ወለድ፣ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆኖ ለአዳራሹ ሁሉ ያነባል። መጽሐፉን የሚመርጡት ታዲያ አለቆቹ አይደሉም፤ ጠቅላዮቹ ናቸው። አንዱ ይጠቁማል፣ ሌላው ይሟገታል፣ በመጨረሻ እጅ ይወጣል። የመጀመሪያው ምዕራፍ እንዳለቀ ደግሞ ፍርድ አለ። የወደደ ሰው የትምባሆ ቅጠል የሚቆርጥባትን ጠፍጣፋ ቢላዋ አንስቶ ጠረጴዛውን ይመታል፤ የጠላ ወለሉ ላይ ይጥላታል። ቃል መናገር አያስፈልግም።

ኔሬይዳ ከኤቬሊዮ ጎን ተቀምጣ ስትጠቀልል ነው ፀጉሯ የሸበተው። በሕይወቷ ካነበበችው አብዛኛውን ያነበበችው በእሱ ጥቆማ ነው። አንዱን ሲጨርስ ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀምጥና፣ መጀመሪያው ቢሰለችሽም ታገሺው፣ ወይም ለዚህ ሰውዬ ካላለቀስሽ አንቺ ድንጋይ ነሽ ይላታል። አንብባ ስትመልስለት ቅጠሉን እየዘረጉ እስኪወጡ ድረስ ይጨቃጨቃሉ። አዳራሹ ፊት ቆማ መጽሐፍ ጠቁማ ግን አታውቅም። የሰው ምርጫ ስታነቢ ልታረጂ ነው ወይ እያለ ኤቬሊዮ ሁልጊዜ ይነዘንዛታል።

የራሷ የምትወደው መጽሐፍ ነበራት። ከጨው ሠሪዎች መንደር ተነስታ፣ በልጅነቱ መርከብ ወስዶት የቀረ ወንድሟን ከወደብ ወደብ የምትፈልግ ሴት ታሪክ ነው። ኔሬይዳ ደጋግማ ከማንበቧ የተነሳ ሽፋኑ ተልጧል። ለኤቬሊዮ እንኳ አላሳየችውም። ሌላው ሰው ቢንቀው ግድ አልነበራትም፤ እሱ እንዳይንቀው ግን ትፈራ ነበር።

አንድ ቀን፣ ድፍረቱ ከየት እንደመጣላት እንጃ፣ ተነስታ ጠቆመች። በጥቂት እጅ ብልጫ አለፈላት። አንባቢው የመጀመሪያውን ምዕራፍ አሳምሮ አነበበውና ቀና አለ። እንደ ልማዱ ሁሉም ወደ ኤቬሊዮ ዞረ፤ በመጽሐፍ ነገር እሱን የሚያህል አልነበረምና። የኤቬሊዮ ቢላዋ ከእጁ አምልጣ ሲሚንቶው ላይ ጮኸች። ወዲያው ሌላ ወደቀች፣ ከዚያ ሌላ። ከኋላ ጠረጴዛ የመቱ ጥቂቶች ነበሩ፣ ግን ማን ሰምቷቸው። አንባቢው መጽሐፉን አምጥቶ እጇ ላይ ሲያኖርላት አይኗን አላየም።

ኤቬሊዮ አጎንብሶ ቢላዋዋን አነሳ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በማግስቱ ኔሬይዳ ብርሃን አነሰኝ ብላ መስኮት አጠገብ ተዛወረች። ውሸቷን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እሱ አዲስ መጽሐፍ ይዞ መስኮቱ ድረስ ቢመጣም ሳትገልጠው መለሰችለት። ኩርፊያ ላይ ሰነፍ አይደለችም፤ ክረምቱ እስኪገባ አልተነጋገሩም። ከዚያ የኤቬሊዮ ቦታ ባዶ ሆነ። ጡረታ ወጣ ተባለ። እሷም ይውጣ አለች፣ ሆዷ ግን አላለም።

ከሚስቱ ከኦኔሊያ ጋር የተገናኙት ዳቦ ሰልፍ ላይ ነው። ኦኔሊያ እጁ ከሞተ መክረሙን፣ መጀመሪያ ጣቶቹ፣ አሁን ደግሞ ግማሽ አካሉ እንደከዳው ነገረቻት።

"ያን ቀን ቢላዋዋ ስትወድቅ እኮ ራሱም ደንግጧል" አለች። "አልነገረሽም እንዴ?"

ኔሬይዳ ዳቦውን ትታ ከሰልፉ ወጣች። ቤቷ ገብታ መጽሐፉን ይዛ እነሱ ቤት ስትደርስ ኤቬሊዮን በረንዳው ላይ፣ የሚወዛወዘው ወንበር ውስጥ ተቀብሮ አገኘችው።

"መጽሐፌን የጠላኸው መስሎኝ ነበር" አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

"ጣቴ ነው የጣላት።"

"ታዲያ አፍህም አብሮ ሞቶ ነበር?"

"እጄ መሞቱን ብናገር በማግስቱ ከጠረጴዛዬ አንስተው ቅጠል ለቀማ ላይ ይጥሉኝ ነበር።" የሞተ እጁን በደህናው ወደ ጭኑ ሳበ። "በአንቺ መጽሐፍ እጄን ሸፈንኩበት። ሌላ ምን ልበልሽ?"

ተናደደች። አሳዘናትም። አንዱ ሌላውን አላጠፋላትም፤ ሁለቱንም ይዛ ተቀመጠችና የምታደርገው ቢጠፋት የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ ማንበብ ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ትመጣለች። እሱ አይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ሴትዮዋ ካንዱ ወደብ ባዶ እጇን በተመለሰች ቁጥር ተመልሳ ትሂድ ይላል፣ ስትሄድ ደግሞ ምን አስቸኮላት ብሎ ይቆጣል። ወድዶታል። ለዚያች ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቀች ኔሬይዳ ያወቀችው ያኔ ነው። ኦኔሊያ ወጥ ቤት ሆና ሩዝ ትለቅማለች፣ አልፎ አልፎ እጇን አቁማ ታደምጣለች።

አንድ ዓርብ፣ ጥቂት ምዕራፎች ሲቀሩ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

"ኔሬይዳ፣ ፍጻሜውን ንገሪኝ።"

በዚያ አዳራሽ ፍጻሜ ቀድሞ ከመናገር የባሰ ነውር የለም። አንድ ጊዜ ከአፉ ያመለጠውን ሰው ቡና እንኳ የሚጋብዘው ጠፍቶ ነበር።

"አንተ ነህ ይሄን የምትለኝ?"

"ታገኘዋለች ወይስ አታገኘውም? እሱን ብቻ።"

ለምን እንደጠየቃት አልጠፋትም። ከነገረችው ግን፣ አዎ፣ እስከ ሰኞ አትቆይም ማለቷ ነው። ያን ከአፏ ማውጣት አልቻለችም። መጽሐፉን ዘጋችው።

"ሰኞ እንደርስበታለን። ታገስ።"

"ችኮ" አላት እየሳቀ። ከእሱ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። እሑድ ጠዋት አረፈ።

ከቀብር መልስ ጎረቤቶች ከተበተኑ በኋላ ኦኔሊያ ወጥ ቤት አስቀመጠቻት።

"ቅዳሜን ሙሉ ሲገምት ዋለ" አለች ኦኔሊያ። "አንዴ ታገኘዋለች ይላል፣ አንዴ ደግሞ ልጁ ሞቷል ይላል። መጽሐፉን አምጪልኝ፣ አንብቢልኝ ሲለኝ፣ እሷ ጋ ነው አልኩት። አሁን ጉጉቱ እኔንም ይዞኛል። እንዴት ነው የሚያልቀው?"

ኔሬይዳ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

"ታገኘዋለች፤ እሱ ግን አያውቃትም። እሷም እህትህ ነኝ ሳትለው አጠገቡ ተቀምጣ ምሳዋን ታካፍለዋለች።"

ኦኔሊያ የሚቀጥል መስሏት ጠበቀች።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው" አለች ኔሬይዳ። ለመናገር አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀባትም፤ ዓርብ ዕለትም ባልፈጀባት ነበር።