ያልወጣ ትንፋሽ

ግን ባሏ ግንባሯን ሲስም ለምን ቆየት አለ፣ ሌላ ቀን ነካ አድርጎ ነው የሚያልፈው፣ ዛሬ አፍንጫውን ፀጉሯ ውስጥ ከተተው፣ አሽትቷታል። አላሸተታትም። ቢጠይቃትስ፣ ፖም ፖም የሚለው ሻምፖ ነው ትለዋለች፣ ሻምፖው ደግሞ የሎሚ ነው፣ የገዛውም እሱ ራሱ ነው፣ ወይኔ።

ባሏ ጫማውን ያወልቃል። ሥራ ቀለል አለልኝ ይላል፣ ይበል፣ ትናንት ደግሞ ሳትጠይቀው አምሮብሻል አላት። ምን አስቦ ነው?

ጉድ የሠራቻት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ናት። ነይ እስቲ አንቺ ደግሞ፣ ሺሻ እኮ ምግብ ይዘጋል፣ ሁለቴ ሳብ ካደረግሽ እራት አያምርሽም፣ እኔን አታይም እንዴ፣ ሸንበቆ! አለቻት። ከወለደች ወዲህ የጠበባትን ቀሚስ ልታስሰፋ ሄዳ ቱቦ ጨብጣ ቀረች፣ የፖም ጭሱ ሲገባ ልቧን ቅልል ይላታል፣ እውነት ነው፣ ወደ ቤት ስትመለስ ደረጃው ላይ ግን ያው ልብ ይደልቃል፣ ይከፋታል፣ ሲከፋት ማድ ቤት ቆማ የድስቱን ቂጥ ትፍቃለች። ሰውነቷ ወይ ፍንክች፣ መስታወት ፊት ጎኗን ይዛ አስጠሊታ ትላለች። ከሰፊዋ ቤት ስትወጣ ከኋላዋ የተሳቀውስ? በርሜሏ ሄደች ብለው ይሆናል፣ ሲጠቃቀሱ አይታለች። አይታለች ልበል?

ትንሿ ልጇስ የት ገባች፣ ሰፊዋ ጋ ሁሌ ይዛት ነው የምትሄደው፣ ጥግ ላይ በቁርጥራጭ ጨርቅ ትጫወታለች፣ ገና ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች።

ነይ ነይ፣ ጉድ እይ! ባሏ ነው፣ ከመኝታ ቤት።

ልጅቷ መስታወቱ ፊት ቆማለች። የእናቷን ካፖርት ቀበቶ አፏ ላይ ይዛ ትስባለች፣ ፉፍ ታደርጋለች፣ ጎኗን ትቆነጥጥና አስጠሊታ ትላለች፣ ቃሉ አፏ ውስጥ እየተኮላተፈ፣ ከዚያ ሆዷን ወደ ውስጥ ሰብስባ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ በጎን ትታያለች።

ምን እየሆንሽ ነው የኔ እመቤት? ይላታል አባቷ።

የባሏ ሳቅ መሀል ላይ ይቀራል። ዘወር ብሎ ያያታል፣ አሁን ነው፣ አሁን ሊጠይቃት ነው፣ ሎሚ፣ ፖም፣ ሻምፖ፣ ቆይ፣ ልጅቷ አልተነፈሰችም። የእሱን ዓይን ስትሸሽ፣ የሰፊዋን ጥቅሻ ስትቆጥር፣ ያቺን ጥግ አንድ ቀን ዞር ብላ አላየችም።

ትንበረከካለች። ተንፍሺ፣ እማ፣ ተንፍሺ፣ እኔም እተነፍሳለሁ፣ እይኝ፣ እና ጠዋት የሰበሰበችውን ሆድ ባሏ ፊት ትለቀዋለች፣ የቀሚሷ ስፌት እስኪወጠር፣ ትንፋሿም ይወጣል፣ ፖም ፖም እያለ።

ይሽተት።