ግድግዳው ኮት ሲለብስ

ጉድጓዱ ከተቆፈረ ሳምንት አልፎታል። ከአሮጌው ቤት ግድግዳ ሥር የቆመ ሰው የሚውጥ ቦይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሰማዩም ከትናንት ጀምሮ ፊቱን አጥቁሯል።

«እንግዲህ ወይ እንሙላው፣ ወይ እንዋኝበት» አለ ግንበኛው ከቦዩ ውስጥ። ሠፈሩ «ችኩሌ» የሚለው ሲያሾፍበት ነው፤ እሱ የቸኮለ ለታ ዓለም ሊያልፍ ነው ይባላል። ዛሬ እሱም ቸኩሏል።

የሚያስቸኩል ነገር ነበራ! ምድር ቤቱ ከወገቡ በታች አፈር ውስጥ የተቀበረ ነው። እርጥበቱ በድንጋዩ እየሰረገ ቀለሙን ያሻግታል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። እዚያ የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ አክስት ናት። ሐኪሙ ጉልበቷን ዳብሶ፣ «ሌላ እንዲህ ያለ ብርድ እዚያ ካሳለፉ መራመዱን ይርሱት» ብሏታል።

ይህን ሲሰማ ነው የወንድሟ ልጅ አካፋ ያነሳው። ከሩቅ አገር ተምሮ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ ይቆይ ይመለስ እሱም አያውቅ። ሥራውን ግን ጥሩ አድርጎ ነበር የጀመረው። ድንጋዩን በሽቦ ብሩሽ ፈተጉት፣ ሬንጅ ቀቡት፣ ውኃ የሚሸኘውን ቱቦ ከነጠጠሩ ታች አነጠፉ። የቀረው ብርድ የሚከላከለውን ወፍራም የፎም ሰሌዳ ለግድግዳው አልብሶ አፈሩን መመለስ ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ ቆመ። ያቆመው ከመሬት እኩል ያለችው ትንሽ መስኮት ናት።

ሰሌዳው በላይዋ ካለፈ ክፍሉ ይሞቃል፣ ግን ይጨልማል። ዙሪያዋን ተቆርጦ ካለፈ ብርሃኗ ይተርፋል፣ ብርዱም በዚያችው ይገባል። ለካ፣ ወረቀት ላይ ሣለ፣ ቀደደ። ልጅ ሆኖ ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጦ በዚያች መስኮት የአላፊ አግዳሚውን እግር እያየ ከአክስቱ ጋር «ይሄ ማነው?» እየተባባሉ ነው ያደገው። በሰው አገር እንቅልፍ እንቢ ሲለው ትዝ የምትለው ያቺው መስኮት ነበረች። አክስቱን አልጠየቃትም፤ መልሷን የሚያውቅ መስሎት።

የመጀመሪያዋ ጠብታ እጁ ላይ ስታርፍ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። አክስት ሱሪ እያጠበበች ነበር።

«አክስቴ፣ መስኮቷን ልተዋት ነው። ትንሽ ብርድ ታስገባለች፣ ግን...»

«ማን ተውልኝ አለህ? ድፈነው።»

«መስኮቱን?»

«አፍህን መሰለህ? እሱም ቢደፈን አይከፋም።»

«እዚህ ቁጭ ብለን የሰው እግር የምናየው እኮ...»

«አንተ አይተህ ሄድክ፤ እኔ ይኸው እስካሁን እያየሁ ነው» አለች መቀሷን አስቀምጣ። «የጎረቤቴ ተረከዝ መሰንጠቁን አውቃለሁ፤ ጥርሷ መርገፉን ግን ከሰው ነው የሰማሁት። አንተም የሄድክ ለታ ከደጅ ተሰናብተኸኝ ስታልፍ መጨረሻ ያየሁት ጫማህን ነው። ክሩ ተፈቶ ነበር። ልንገረው ብዬ ስነሳ አለፍክ።»

ቀና ብሎ መስኮቷን አየ። «ታዲያ በምን ብርሃን ትሰፊያለሽ?» አላት።

«ላይ ነዋ! ያንተ ክፍል ሁለት ትልልቅ መስኮት አለው፣ አንዱ ይበቃሃል። እዚህ ለመኝታ እወርዳለሁ።»

«ደረጃውን በዚህ ጉልበት?»

«ሙቅ ቦታ ያደረ ጉልበት ይወጣል። ኮቱን ለግድግዳው አልብስልኝ እንጂ።»

«አክስቴ፣ እኔ መቆየቴን እንኳ ገና...»

«ብትሄድ ክፍሉ ይቀርልኛል። ብትቀር የማወራው ሰው አገኛለሁ። በየትም በኩል አልከስርም፣ ምሁሩ።»

እየሳቀ ወጣ። «ይደፈን!» አለው ለግንበኛው።

«ለዚች ነው ሳምንት ሙሉ የቆምነው?»

«ለዚች ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ ችኩሌ አንተ ነህ» አለና ብሎኬት አነሳ።

መስኮቷን በብሎኬት ዘጉ፤ ሲሚንቶው ደርቆ ሬንጅ እስኪቀባ ላስቲክ ወጠሩባት። የቀረውን ግድግዳ ሰሌዳ በሰሌዳ አለበሱትና ዝናቡ ሳይጠና አፈሩን መለሱበት። ከዚያ በጭቃ እጃቸው የስፌት መኪናውን ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። አክስት ከኋላ እየተደገፈች፣ «ቀስ! እሱ እንደናንተ ወፍራም ቆዳ የለውም!» ትላለች።

መኪናው ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ እሱንም እሷ ወሰደችው። የወንድሟ ልጅ ገና ያላራገፈውን ሻንጣውን እንደ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ውጭ ዝናቡ ወርዷል፤ መንገዱ ላይ አንድ ሰው ቆሟል።

«ያ ባለ ጃንጥላ ማነው?» አለች።

አንገቱን አሰገገ። «ከዚህ ፊቱ አይታይም፤ ጃንጥላው ሸፍኖታል።»

«እስኪያባራ እንጠብቀዋ» አለችና መርፌዋን መፈለግ ጀመረች።