የወንዶች በሽታ

ጡረተኛው መምህር እጁን ከጨበጡ በኋላ ቶሎ አልለቀቁትም። ለቅሶውን ሲሰሙ የሞተው እሱ መስሏቸው ከቤት እንደወጡ፣ እህቱ ናት ሲባሉ ጆሯቸውን እንዳላመኑ ነገሩት። ክፋት የለባቸውም፤ ደግ ጎረቤት ናቸው። ከእሳቸው በፊት የገቡትም ይህንኑ ብለውታል፤ ግማሹ በአፉ፣ ግማሹ በዓይኑ።

ሰፈሩ ሲጠብቅ የኖረው የእሱን ሞት ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ «ብርጭቆ» ይሉታል። በዘር የሚተላለፍ ሄሞፊሊያ የሚባል በሽታ አለበት፤ ደሙ እንደ ሰው ደም አይረጋም። ትንሽ ሲጋጭ ጉልበቱ እንደ ኳስ ይነፋል፤ ጥርስ ሲነቀል ቤተሰቡ ሁሉ አብሮት ያድራል። ይኸው ዛሬ እሱ የስልክ ጥገና ሱቁን ዘግቶ፣ የማይታጠፍ ግራ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ የታላቅ እህቱን ሐዘን ተቀምጧል።

አክስቱ፣ የእናቱ እህት፣ በሩ አጠገብ ሆና እንግዳ ትቀበላለች። ምን አገኛት ለሚላት ሁሉ ሐሞቷን ታማ እንደነበር፣ ቀዶ ሕክምናው እንደከበዳት ትናገራለች። አንዲት ቃል ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። ብርጭቆ በሰማት ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል።

ሟች የተማሪዎች ሚኒባስ ሾፌር ነበረች። ልጆቹን «አለቆቼ» ትላቸዋለች፤ ማስቲካ ሲያኝኩ ካየች መኪና ታቆማለች። የወንድሟን መርፌ መውጋት የተማረችው ገና ተማሪ ሳለች ነው፤ የእናታቸው እጅ ስለሚንቀጠቀጥ። ጉልበቱ አብጦ ሆስፒታል ስታደርሰው በዝግታ ትነዳለች። ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋባት ሲበዛ አንገቷን በመስኮት አውጥታ «ብርጭቆ ጭኛለሁ፣ እለፉ» ትላቸው ነበር። ያን ጊዜ ሕመሙ ይብስበታል፤ ሲስቅ እግሩ ይነቃነቃላ።

ጥግ ላይ የተቀመጡ ሴቶች ጥቁር ልብስ እንዴት ትወድ እንደነበር በሹክሹክታ ያነሳሉ። አትወድም ነበር። ጥቁር ጉርድ የምትለብሰው፣ ወንበሯ ላይም ፎጣ አጥፋ የምትቀመጠው ደም ስለሚፈስሳት ነው። ወር በመጣ ቁጥር አልቆም ይላታል። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ትቀር ነበር፤ እናትየው የሴት ነገር ነው ትላለች፣ ጤና ጣቢያው የደም ማነስ ኪኒን ይሰጣታል። ክንዷ ያለምክንያት ይበልዛል። ልጇን ስትወልድ ለጥቂት ተረፈች፤ ወላድ ትደማለች ተባለ። ያ ሁሉ ሰው የወንድሟን በሽታ ያውቃል። በዚያው ቤት፣ ከዚያችው እናት እንደተወለደች ግን ማንም ልብ አላለም።

ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝላት ብርጭቆ አብሯት ነበር። ወንድሟ ደሙ እንደማይረጋ፣ እሷም ብዙ እንደምትደማ ራሷ ለሐኪሙ ነገረችው። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«እሱ የወንዶች በሽታ ነው» አላት። «ሴቶች ያስተላልፉታል እንጂ አይታመሙበትም።»

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሆዷ በወጣው ቱቦ ደም ይወርድ ጀመር። ያለ ነው አሉ። ከዚያም በዛ አሉ። ብርጭቆ እየተንገዳገደ ቤቱ ሄደ፤ ከማቀዝቀዣው የገዛ ራሱን መድኃኒት፣ የእሱን ደም የሚያረጋለትን አውጥቶ፣ በረዶ ባለበት ሣጥን አድርጎ መጣ። ስጧት ብሎ ለመነ። መድኃኒቱ በሌላ ሰው ስም የታዘዘ ስለሆነ አይቻልም ተባለ። በሽታው እንዳለባትም ማስረጃ የለም። ማስረጃውማ ከአልጋው በታች በተንጠለጠለው ከረጢት ሞልቶ ነበር። የሌላ ሰው ደም ሰጧት፤ የሰጧት ሁሉ በዚያው በቱቦው ወረደ። እህቱ ስትሞት የሣጥኑ በረዶ ገና አልቀለጠም።

የሟች ልጅ ሻይ የያዘ ትሪ ይዛ ከጓዳ ወጣች። በቁመትም በአረማመድም ቁርጥ እናቷ ናት። መሀል ሳሎን ስትደርስ ከአፍንጫዋ ደም ወረደ። አክስት ከወንበሯ ተስፈንጥራ ነጠላዋን ልጅቷ ፊት ላይ ከደነችና እየገፋች መኝታ ቤት አስገባቻት። ብርጭቆ ግድግዳ እየተደገፈ ተከተላቸው።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት።

«ሁሌ ነው» አለች ልጅቷ በነጠላው ውስጥ። «እማዬም እንደዚህ ነበረች።»

አክስት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተቆጣች። ልጅቷ ነገ ከነገ ወዲያ ታገባለች፤ የአክስት የራሷም ሴቶች ልጆች አሉ። አንድ ቃል ከዚህ ቤት ከወጣ ደማቸው የተበላሸ ተብለው ሳያገቡ መቅረታቸው ነው። ደግሞም ምን አዲስ ነገር አለ አለች። እሷ ራሷ ስትወልድ ደሙ ፍራሽ አልፎ ወለል ደርሷል፤ የብርጭቆም እናት እንዲሁ ነበረች። «እኛ ቤት ሴት እንዲህ ናት። ሞትን?»

ብርጭቆ ትክ ብሎ አያት። እናቱንም፣ አክስቱንም፣ እህቱንም አሰበ፤ በሽታቸውን ሴትነት መስሏቸው የኖሩትን። ንዴቱ ከእግሩ ሕመም በለጠ።

«አዎ፣ አክስቴ። አንዷ ሞታለች። ሳሎን የሞላው ሰው ለምን የመጣ መሰለሽ?»

ተመልሶ ወጣና ሳይቀመጥ ተናገረ። እህቱን የገደላት ሐሞት አይደለም፤ እሱ ያለበት በሽታ ነበረባት፤ ሴት ስለሆነች ማንም አልመረመራትም። አንድ ሰው ስኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። መምህሩ ክንዱን ይዘው ሊያስቀምጡት ሞከሩ፤ ሐዘን ያናግራል አሉ። እንግዶቹ ሊወጡ ሲሉ ግን ከጥግ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ጠጋ ብላ፣ የዚህ ዓይነት ምርመራ የት እንደሚሰጥ በጆሮው ጠየቀችው።

በማግስቱ ጠዋት የእህቱን ልጅ ይዞ ሊወጣ ሲል አክስት በሩ ላይ ቆመች። ሰው ሊያጽናናው መጥቶ ሲያጣው ምን ይላል አለች።

«ሆስፒታል ሄዷል በያቸው። ለምን ካሉሽ ደግሞ ንገሪያቸው።»

ከልጅነቱ ጀምሮ ያከመችው የደም ሐኪም ሐዘኑን ስትሰማ ደንግጣ ተነሳች። ከነድንጋጤዋ አልማራትም። ስንት ዓመት ሙሉ እህት እንዳለው እያወቀች፣ እየደገፈች የምታመጣውን ሴት በሩ ላይ እያየች፣ አንድ ቀን አንቺስ ብላ እንዳልጠየቀቻት ፊት ለፊት ነገራት። ሐኪሟ «ልክ ነህ» አለችና ልጅቷን ራሷ እጇን ይዛ ደም መቅጃው ክፍል አደረሰቻት።

ውጤቱ ኋላ ሲመጣ የልጅቷ ደም የሚረጋበት ኃይል ከሰው ግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒትም በራሷ ስም ታዘዘላት። በዚያ ጠዋት ግን ገና ምንም አልታወቀም ነበር። የላብራቶሪ ሠራተኛው ደሟን ቀድቶ መርፌውን አወጣ፤ ጥጥ አደረገበት። ብርጭቆ ቀድሞ በአውራ ጣቱ ጫነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰውየው ጥጡን ገለጥ አድርጎ አየና ቆሟል፣ መሄድ ትችላላችሁ አላቸው። ሌላ ታካሚ ተጠራ።

ብርጭቆ ጥጡን መልሶ ጫነው፤ ጣቱን አላነሳም። ልጅቷ አየችውና ክንዷን ሳትሰበስብ ጎኑ ቁጭ እንዳለች ቆየች።